ዘቧ ዓሣና ዕውሩ ቆፋሪ

መሪጌታ ኃይለ ኢየሱስ የሁለቱን ሰዎች ጋቢ ጫፍ ከጫፍ አገናኝተው ቋጠሩ፤ ቋጠሮውንም በጥርሳቸው ስበው አጠበቁት።

«እንግዲህ ተቆራኝታችኋል» አሉ። «ከወንጪት ማዶ፣ መርሐቤቴ፣ ወይዘሮ አመተሥላሴ ችሎት እስክትደርሱ ይህን የሚፈታ የለም። በመንገድ የፈታው ክሱን ተረታ። በሕግ አምላክ።»

«በሕግ አምላክ» አለ ከሳሹ ቅጣው።

«በሕግ አምላክ» አለ ተከሳሹ አፈወርቅ። ድምፁ በንዴት ይንቀጠቀጥ ነበር።

ጠባቂ አልተሰጣቸውም። ከዋሻው የተረፈው ሰው ጥቂት ስለነበረ ለአጀብ የሚሆን አልተገኘም፤ ደግሞም አላስፈለገም። የግሼ ሰው ከተቆራኘ ወዲያ ቋጠሮው ራሱ ጠባቂው ነው።

ወሩ መጋቢት፣ ዓመቱ ፲፱፻፴፩ ነበር። ባለፈው ሳምንት ጣልያን ገደሉ ውስጥ ያለውን ዋሻ ከቦ በበርሜል ያመጣውን መርዝ ለቀቀበት። ውስጡ የነበሩት አብዛኞቹ ሴቶች፣ ሕፃናትና ቁስለኞች ነበሩ። ይህን ያደረገው ጦር በየገበያው «ሥልጣኔ ይዤላችሁ መጣሁ» እያለ የሚያስለፍፈው ጦር ነው። ሥልጣኔው በርሜሉ ውስጥ ነበር ማለት ነው። ቅጣው ሚስቱን አሰጋሽን የቀበራት በመዳሰስ ነበር፤ መርዙ ዓይኖቹን አሳብጦ ደፍኗቸዋል።

አፈወርቅ የመሐል ሜዳ ልጅ ነው። አዲስ አበባ ተምሮ፣ ጅቡቲ በባቡር ጣቢያ ጸሐፊ ሆኖ ኖሮ፣ ጦርነቱ ሲመጣ ወደ አገሩ ተመልሶ ከአርበኛ ተቀላቀለ። ፈረንሳይኛና ጣልያንኛ ያውቃል። ዋሻው በተከበበ ዕለት ወደ አፉ ወጥቶ በጣልያንኛ ጮኸ። ምን እንዳለ የተረዳ ሰው አልነበረም። ትንሽ ቆይቶ መርዙ መጣ። «የመከረባችሁ እሱ ነው» አለ ቅጣው፤ ሰውም አመነው። የፈረንጅ አፍ የሚያውቀውን ሁሉ ባንዳ ማለት ያን ጊዜ ቀላል ነበር፤ ዛሬም የሚቀላቸው አሉ። ጠላት መግደል ሲደክመው ቀሪውን ሥራ የሚሠራለት እንዲህ ያለው ጥርጣሬ ነው።

የባንዳ ፍርዱ ስቅላት ነው። ግን አፈወርቅን ከገመዱ ይበልጥ የሚያስፈራው ሌላ ነበር። ቅጣው በመንገድ ቢሞት «ከሳሹን ገደለው» ይባላል፤ ስሙም ለዘለዓለም በዚያው ይቀራል። ስለዚህ ነፍሱም ስሙም ያሉት በዚህ ዓይኑ በጠፋ ሰው ነፍስ ውስጥ ነበር።

«ሂድ እንጂ ሙሴ» አለ ቅጣው ቋጠሮውን ጎተት አድርጎ። «ጓደኞችህ እንዳይቀድሙን።»

«እንደ ፈረንጅ ሙሴ አይበሉኝ። ስም አለኝ።»

«ስምህን ዳኛዋ ትነግርሃለች።»

ቅጣው በዕድሜ አባቱ ሊሆን የሚችል ሰው ነበርና አፈወርቅ እየተናደደም አንቱ ይለው ነበር።

የጓሳውን ሜዳ ተሻግረው ገደሉ አፍ ሲደርሱ ሰማዩ ጠቆረ። ጉም ከታች ተግተልትሎ ወጣና መንገዱን ዋጠው። ወዲያው በረዶ ወረደ፤ ሽንብራ የሚያክለው መጣ፣ ከዚያ ባቄላ የሚያክለው። ቀጭኗ የገደል መንገድ ነጣች፣ አንሸራተተችም። አፈወርቅ በግራው ድንጋዩን እየዳሰሰ ወረደ። ከኋላው አንድ ድንጋይ ሲንከባለል ሰማ፤ ቀጥሎ ጋቢው ትከሻውን ገንጥሎት ሊሄድ ደረሰ። ቅጣው ገደሉ ላይ ተንጠልጥሏል።

አፈወርቅ በደረቱ ወደቀ፤ የአስታ ቁጥቋጦ ሥር አገኘና በክንዱ አቀፈው። በረዶው አናቱን ይቀጠቅጠዋል። ሊጮህ አልቻለም፤ የጣልያን ቃፊሮች ከበላያቸው ሸንተረሩ ላይ ነበሩ። ጋቢውን በጥርሱም በእጁም እየሳበ ሽማግሌውን እስከ ብብቱ አወጣው፤ ከዚያ ቀበቶውን ይዞ ጎተተው። ሁለቱም ከዐለቱ ጥላ ሥር ተንከባልለው ገቡ።

ቅጣው ትንፋሹ ሲመለስ «የአሰጋሽ ፈትል ነው» አለ ጋቢውን እየዳበሰ። «አይበጠስም።»

«እርስዎ ወደየት እንደሚወድቁ አላውቅም፣ እርስዎም ወደየት እንደምዞር አያውቁም» አለ አፈወርቅ በሹክሹክታ። «በዚህ ዓይነት ከወንጪት አንደርስም። መነጋገሪያ ያስፈልገናል፤ ድምፅ የሌለው።»

«ድምፅ የሌለው ንግግር አላውቅም። አንተ ነህ ብዙ ቋንቋ የምታውቀው።»

«ይህንን የተማርኩት ከዓሣ ነው።»

ቅጣው ያበጠ ፊቱን ወደ ድምፁ አዞረ። በረዶው ገና ስላላቆመ የሚሠራ ሌላ ነገር አልነበረም።

«ጅቡቲ ባሕሩ ሲሸሽ በእግሬ እገባ ነበር» አለ አፈወርቅ። «አንድ ሽማግሌ ሐኪም ሥሩ መስታወት የሆነ ሣጥን ሰጥቶኝ በእሱ ወደ ውኃው ውስጥ አያለሁ። ኮራል የሚባል አለ፤ ድንጋይ ይመስላል፣ ግን ሕይወት አለው፤ ጥቃቅን ፍጥረታት እየተደራረቡ የሚያቆሙት ግንብ ነው። በግንቡ መካከል ነጭ አሸዋ አለ። አሸዋው ላይ ጉድጓድ አለ። በጉድጓዱ አፍ ጣት የምታክል ዓሣ ትቀመጣለች።»

«ዓሣ ይቀመጣል?»

«ይህችኛዋ በደረቷ ክንፍ ተደግፋ ትቀመጣለች። ዓይኖቿ ከአናቷ ላይ ናቸው፤ ዙሪያውን ታያለች። መቆፈር ግን አይሆንላትም። የሚቆፍርላት የሸርጣን ዘመድ ነው፣ ባለ ብዙ እግር። እሱ ደግሞ ዓይኑ ደካማ ነው። ዕውር ቢሉት ይቀላል።»

«እኔን ለመስደብ ጅቡቲ ድረስ መሄድ አልነበረብህም።»

«ልጨርስ። ቆፋሪው ቀኑን ሙሉ አሸዋ ይዝቃል። ግድግዳው ይናዳል፣ እንደገና ይዝቃል። ወደ ውጭ ሲወጣ ረጅም ጢሙን ከዓሣዋ ጭራ ላይ አያነሣም። ትልቅ ዓሣ ሲመጣ ዘቧ ጭራዋን ታርገበግባለች፤ እሱ ወደ ኋላው ይገባል። አደጋው ከባሰ እሷም በአናቷ ተወርውራ ትከተለዋለች። እሷ በበሩ ካልቆመች እሱ አይወጣም። ሲመሽ ሁለቱም ይገቡና የጉድጓዱ አፍ ይደፈናል።»

«ጣልያን ቢመጣባትስ?»

«ጭራዋን ታርገበግባለች።»

ቅጣው በአፍንጫው ሳቀ፤ ከዚያ መሳቁ አናደደውና አቆመ። «ይዋደዳሉ ማለት ነው?»

«እሱን አላውቅም። አንዱ ከሌለ ሌላውን ትልቅ ዓሣ እንደሚበላው ግን አይቻለሁ። እንቁላሏን የምትጥለው እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ነው፤ ወንዱ ዓሣ ይጠብቃል። ሲፈለፈሉ ማዕበል ወደ ሰፊው ባሕር ይወስዳቸዋል፤ ብዙዎቹን ሌላ ዓሣ ይበላቸዋል። የተረፉት ተመልሰው አሸዋው ላይ ሲያርፉ ገና ትንንሽ ሳሉ የሚፈልጉት የሚቆፍር ባልንጀራ ነው።»

በረዶው ጋብ አለ። ቅጣው ቋጠሮውን በቀኝ እጁ ጨበጠ። «እሺ ዓሣ። አንድ ጊዜ ከሳብከው እቆማለሁ። ስበህ ረዘም ላለ ጊዜ ከያዝከው በደረቴ እተኛለሁ። ካላላኸው እሄዳለሁ። ካታለልከኝ ግን አንቆሃለሁ፤ አንገትህ የት እንዳለ ለማወቅ ዓይን አያስፈልገኝም።»

ወረዱ። ጭላዳዎች ከገደሉ ከንፈር እየጮኹ ተበተኑ፤ ድንጋይ ተንዶ ከፊታቸው አለፈ። ቋጠሮው ሲሳብ ቅጣው ይቆማል፣ ሲላላ ይራመዳል። መጀመሪያ ሁለቱም ተጠራጥረው ነበር፤ እየቆየ ግን የቅጣው እግር ከአፈወርቅ እግር ጋር አብሮ ይነሣ ጀመር። ብርዱ ከላይ ቀርቶ ከቆላው የሚወጣ ሙቀት ፊታቸውን ላሰው። አስታው አልቆ ግራር መጣ፤ ከግራሩ በታች የወንጪት ድምፅ ይጉረመረማል።

ከወንዙ ዳር በቀረች የረጋች ውኃ ውስጥ ትንንሽ ዓሦች ድንጋይ ሥር ይሽሎከለካሉ። አፈወርቅ ከበላ ቆይቷል። «አንድ ሁለቱን ብይዝ» አለ።

«ሁዳዴ ነው።»

«ዓሣ ሥጋ አይደለም የሚሉ አሉ።»

«ደም የለውም?»

«አለው።»

«እንግዲያ ለማን ነው የምትከራከረው?» ቅጣው ከብብቱ ጥቂት የገብስ ቆሎ አውጥቶ በመዳፉ ዘረጋ። «ሲሶውን ውሰድ። ተከሳሽ ነህ፣ እኩል አይገባህም።»

ወንጪት በበልጉ ዝናብ ደፍርሷል፤ ግንድና ቅርንጫፍ እያንከባለለ ይወርዳል። አፈወርቅ ውኃውን አየ፣ ቋጠሮውንም አየ።

«ተሳስረን መዋኘት አንችልም። ለመሻገሪያ ብቻ እንፍታው።»

«ፍታው።»

«ከፈታሁት ተረታሁ ይላሉ።»

«እላለሁ።»

«እርስዎ ይፍቱት እንግዲያ።»

«እኔ ሞኝ ነኝ?»

አፈወርቅ ቆመና ረገመ። ረጅም እርግማን ነበር፤ በሦስት ቋንቋ። በሌላ አገር ቢሆን ሁለት ሰዎች ቋጠሮ ፈትተው፣ ተሻግረው፣ መልሰው ያስሩት ነበር። እዚህ ግን ሕግ ማለት ማንም በሌለበትም የሚጠበቅ ነገር ነው፤ በዚህም ሰው ይሞትበታል። አፈወርቅ ይህን ግትርነት ጠላው፤ ጠልቶትም ራሱ አልፈታውም።

እንደታሰሩ ገቡ። ውኃው ጉልበት፣ ወገብ፣ ደረት ደረሰ። አፈወርቅ ከወንዙ ዳር ባነሣው ዱላ የውኃውን ወለል እየወጋ ቀደመ። መካከል ላይ ካለው ቋጥኝ ሲደርሱ ከላይ የሚወርድ ግንድ አየ። ግንዱ ወደ ጎን ዞረ። ውኃው ሌላውን ግንድ ሁሉ ወደ ታች ሲነዳ ይህ ወደ እነሱ አቀና።

ቋጠሮውን አንድ ጊዜ ሳበ። ቅጣው ደርቆ ቆመ፤ ምን እንደሆነ አልጠየቀም።

አዞው አፉን ሲከፍት አፈወርቅ ዱላውን ጉሮሮው ድረስ ሰደደው። መንጋጋው ተከደነ፣ ዱላው ተሰበረ፣ ጭራው ውኃውን ገመሰው። አውሬው የዱላውን ስባሪ እያመነዠከ ሲሰጥም የገፋው ማዕበል ሁለቱንም ከቋጥኙ ጠረጋቸው። ጋቢው በውኃ ውስጥ ባለ ሥር ተጠመጠመ። አፈወርቅ ራሱን ከውኃው አወጣ፤ ቅጣው ግን ከታች ቀረ።

ሰንጢ በቀበቶው ነበረ። ጋቢውን አንድ ጊዜ ቢቆርጠው እሱ ይተርፋል፤ ሰውየው ይሄዳል፤ ክሱም ከሰውየው ጋር ይሄዳል፣ የባንዳነቱ ስም ግን ይቀራል። ይህን ሁሉ ለማሰብ ጊዜ አልነበረውም። ትንፋሹን ስቦ ጠለቀ፤ ሥሩን በሁለት እጁ ይዞ ነቀነቀ፣ ነከሰ፣ ገነጠለ። ማዶ ዳር ላይ ሲወድቁ ቅጣው ወንጪትን በአፉም በአፍንጫውም አወጣ።

«ቋጠሮው?» አለ መተንፈስ ሲችል።

«አለ።»

«ደኅና።»

ለማረፍ ጊዜ አላገኙም። ከዳገቱ የሰው ድምፅ መጣ፤ ባንዳዎች መሻገሪያውን ሊጠብቁ እየወረዱ ነው። አፈወርቅ ቋጠሮውን ረዘም አድርጎ ያዘው፣ ቅጣውም ተኛ። የወንዙ ዳር በአንድ ሾላ ሥር በጎርፍ ተቦርቡሯል፤ ቀዳዳው ግን ውሻ እንኳን አያስገባም። ቅጣው በእጁ ዳሰሰው። አፈሩን በጣቱ አሽቶ አሸተተና መቆፈር ጀመረ።

ዕድሜውን ሙሉ መሬት የገፋ እጅ ነበረው። እየዛቀ ወደ ኋላ ሲገፋ፣ አፈወርቅ አፈሩን እየተቀበለ ወደ ደፍራሹ ውኃ አፈሰሰው፤ ክምር የለም፣ ምልክት የለም። ዓይኖቹ ዳገቱ ላይ፣ እጁ ቋጠሮው ላይ ነበሩ። የመጀመሪያው ባንዳ ከግራሩ ሲወጣ ሁለቱም ገብተው ነበር።

እግሮች ከበላያቸው ተራመዱ። አንድ ድምፅ ሳቀ፤ አፈወርቅ አወቀው። አጥናፉ ነው፤ መሐል ሜዳ አብሮት ፊደል የቆጠረ፣ አሁን የባንዳ አለቃ።

«አፈወርቅ» አለ ድምፁ። «ዱካህ አሸዋው ላይ ነው። በዚህ አገር ጫማ አድርጎ የሚሸፍት ዕብድ አንተ ብቻ ነህ። ውጣ። ካፒቴኑ አስተርጓሚ ይፈልጋል። ቃፊሮቹ ዕውር እየመራህ ስትወርድ አይተውሃል፤ ዕውሩን እዚያው ተወው።»

በጨለማው ውስጥ የቅጣው ትንፋሽ ቆመ። አፈወርቅ ተረዳው፤ ከዚህ የበለጠ የክህደት ማስረጃ አልነበረም። ሽማግሌው ሊጮህ፣ ወይም እንደዛተው አንገቱን ሊፈልግ ይችላል።

«ያን ዕለት ከካፒቴኑ አጠገብ ነበርኩ» ቀጠለ አጥናፉ። «ከዋሻው አፍ ወጥተህ ‹ሴቶቹንና ሕፃናቱን አሳልፉ፣ እኔን ውሰዱኝ› ብለህ ስትለምን ካፒቴኑ ምን ያህል እንደሳቀ ብታይ። ‹ጣልያንኛው ጥሩ ነው፣ ይህንን በሕይወት ፈልጉልኝ› አለ። ሌሎቹንማ ታውቃለህ።»

ሊያስወጣው ብሎ አጥናፉ የአፈወርቅን እናት ስም አንሥቶ የማይጻፍ ነገር ተናገረ።

አፈወርቅ በሕይወቱ ስድብ ሳይመልስ አድሮ አያውቅም። ከትምህርት ቤት በዚህ ተባሯል፣ ጅቡቲም በዚህ ከሁለት አለቃ ተጣልቷል። ደሙ ወደ ዓይኑ ወጣ፤ ክርኑን ተመርኩዞ ተነሣ፤ መልሱ ጉሮሮው ላይ ደርሶ ነበር።

ቋጠሮው ተሳበ። ረዘም ብሎ፣ ጠንክሮ። ዕውሩ ሰውዬ ነበር የያዘው።

አፈወርቅ ተኛ።

ከላይ ደጋው ላይ የዘነበው በዚያች ሰዓት ደረሰ። ወንዙ እያጓራ አበጠ፤ ባንዳዎቹ እየተጯጯሁ ወደ ከፍታው ሸሹ። በቀዳዳው ግን ውኃ ገባ፤ ቁርጭምጭሚት፣ ጭን፣ አገጭ ደረሰ። መውጫው ተደፈነ።

«ያዘኝ» አለ ቅጣው፤ ወደ ላይም ቆፈረ። ጭቃ ዓይኑ ላይ ይወርዳል፤ ለማያይ ዓይን ምን ቸገረው። የሾላውን ሥር እየተከተለ በጥፍሩ፣ በአፈወርቅ ሰንጢ፣ በክርኑ ቧጠጠ። አፈወርቅ ከታች በትከሻው ደገፈው። ውኃው ከንፈሩን ሲነካ ከላይ ብርሃን ገባ። ከግንዱ ጀርባ ባለ ቁጥቋጦ መካከል እንደ ፍልፈል ወጡ፤ ባንዳዎቹ ፊታቸውን ወደ ወንዙ አዙረው ጎርፉን ያያሉ። ሁለቱ በደረታቸው እየተሳቡ በአንድ ፈፋ ገብተው ጠፉ።

በፈፋው አድረው፣ ጠዋት ሰማይ ሲጠራ የመርሐቤቴን ዳገት ጀምረው ነበር።

«ጣልያኖቹን እንደዚያ ነበር ያልካቸው?» አለ ቅጣው።

«አዎ።»

«ለምን አልነገርከንም?»

«ነግሬአችኋለሁ። አልሰማችሁኝም።»

«ስትናገር ትቆጣለህ። የሚቆጣ ሰው የሚዋሽ ይመስላል።» ጥቂት ከተራመደ በኋላ «አሰጋሽ ሞተች፤ የምይዘው ሰው ፈለግሁ። ጣልያኑን ልይዘው አልችልም። አንተ ቅርብ ነበርክ» አለ።

አፈወርቅ ቋጠሮውን በእጁ ያዘ። «ቋጠሮውን እንፍታው» አለ።

«ዳኛ ይፍታው» አለ ቅጣው፤ እርምጃውንም ጨመረ።

ወይዘሮ አመተሥላሴ ባላቸው ከወደቁ ወዲህ ጦሩንም ችሎቱንም የያዙ ሴት ነበሩ። ከወይራው ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው፣ ጠመንጃቸውን ከጭናቸው ላይ አጋድመው ሁለቱን ጭቃ የለበሱ ሰዎች ተመለከቱ። ሰዉ ከበበ። «ባንዳው መጣ» የሚል ሹክሹክታ ዞረ።

«ከሳሽ፣ ተናገር።»

«ክሴን አነሣለሁ እመቤቴ። ተሳስቻለሁ። የባንዳው አለቃ ራሱ ሲመሰክርለት በጆሮዬ ሰማሁ።» ቅጣው የሰማውን ሁሉ ተናገረ፤ አንድም አላስቀረ።

«ቅጣው፣ ሕጉን ታውቃለህ» አሉ ወይዘሮዋ። «ሰውን ለስቅላት በሐሰት የከሰሰ፣ በተከሳሹ ሊወርድ የነበረው በእሱ ይወርዳል።»

«አውቃለሁ።»

«መቼ አወቅህ?»

«ወንጪት ዳር። እያወቅሁ ነው የመጣሁት።»

አፈወርቅ ወደ ሽማግሌው ዞረ። ያንን ዳገት ሁሉ እርምጃውን እየጨመረ የወጣው ወደ ራሱ ገመድ ነበር።

«ተከሳሽ፣ የምትጠይቀው ካለ ተራው ያንተ ነው» አሉ ወይዘሮዋ።

አፈወርቅ ከግሼ ጀምሮ ንግግር ሲያዘጋጅ ነበር። ያልሰሙትን የሚያሳፍር፣ አላዋቂውን የሚቀጣ፣ ረጅም ንግግር። አፉን ሲከፍት ሌላ ወጣ፤ ድምፁም ረጋ ያለ ነበር።

«ሕጉ ስለ ሐሰት ነው የሚናገረው። ሐሰት ማለት እውነቱን እያወቁ ሌላ መናገር ነው። ይህ ሰው ያወቀው አልነበረም፤ ሚስቱን በመዳሰስ ቀብሮ የተነሣ ሰው ነው። እውነቱን ባወቀ ሰዓት ደግሞ ሞቱን ይዞ መጥቶ እዚህ ተናገረው። ሊደብቀው ቢፈልግ እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ዝም ማለት ይበቃው ነበር። እንዲህ ያለው ሰው ሐሰተኛ ከተባለ በዚህ አገር እውነተኛ አይገኝም። የጣልያንን ሥራ እኛ አንጨርስለት።»

«ለከሳሽህ ተሟገትክለት እኮ» አሉ ወይዘሮ አመተሥላሴ።

«ለራሴ ስሟገት ማንም ሰምቶኝ አያውቅም።»

ከሰዉ መካከል አንዱ ሳቀ፤ ሌላውም ተከተለ። ወይዘሮዋ ጠመንጃውን አስቀምጠው ተነሡ። «ተከሳሹ ነጻ ነው። ከሳሹም ሐሰተኛ አይደለም» አሉና ቋጠሮውን ያዙ። ወንጪት አርሶ፣ ፀሐይ አድርቆ ድንጋይ አድርጎታል። በጣት እምቢ ሲል ወስፌ አስመጡ፤ ወግተው ወግተው ፈቱት።

ጋቢው ለሁለት ተለየ። አፈወርቅ ትከሻው ሲቀለው ተሰማው። ቅጣው ግን የራሱን ጫፍ ትቶ የአፈወርቅን እየዳበሰ ፈልጎ ጨበጠው።

«ተፈታ እኮ» አለ አፈወርቅ።

«ሰምቻለሁ። ግን ገና አላየሁም።» ቅጣው ፊቱን ወደ ፀሐዩ አቀና፤ ባበጡት የዓይኑ ቆቦች መካከል ቀጭን የእንባ መሥመር ነበረ። «ከጠዋት ጀምሮ ብርሃኑን ከጥላው እየለየሁ ነው። አሁን አንተ ያለህበት ጥቁር ነገር ቆሟል፤ ዛፍ ካልሆነ አንተ ነህ።»

«ከጠዋት? ለምን አልነገሩኝም?»

«ብነግርህ መምራቱን ትተወው ነበር።»

አፈወርቅ ሳቀ፤ ከዋሻው ወዲህ የመጀመሪያው ነበር። ከዚያ ጋቢውን አላላና ሽማግሌውን ዓይኑን ወደሚያጥቡለት ሰዎች ይዞት ሄደ።